ፕሬድኒሶሎን እየዋጡ ዩሪክ አሲድን መቆጣጠር፦ ከሽሮ ድስት እስከ ላብራቶሪ

«ወፍረሃል እኮ! ተመችቶሃል!»

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያገኘሁት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው እንዲህ ያለኝ። ጉንጬን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ግን ውፍረት አልነበረም። ፊቴን ያሳበጠው ኪኒን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ፕሬድኒሶሎን ስውጥ ነበር። ከሦስቱ ወር ውስጥ ሐኪም ያዘዘልኝ አሥሩን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪህ አለብኝ። በፋሲካ ማግስት ሌሊት የእግሬ አውራ ጣት እንደ ፍም ነደደ። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ኩላሊቴ ትንሽ ደከም ስላለ ሐኪሙ ዲክሎፌናክን ትቶ ፕሬድኒሶሎን ጻፈልኝ። በሁለተኛው ቀን ጫማዬን አደረግሁ። ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ቁርጥማት ቢጤ ሲሰማኝ ባዶውን ፓኬት ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ያለ ማዘዣ ሸጡልኝ። ደግሞ ሄድኩ። አሁንም ሸጡልኝ። ጥፋቱ በዋናነት የራሴ ነው። በመጨረሻ ስመረመር ስኳሬ ወጥቷል፣ ግፊቴ ወጥቷል፣ ዩሪክ አሲዴ ደግሞ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ከሐኪሜና ከፋርማሲስት ጠይቄ የተረዳሁትን፣ በቤቴ ማጀትም የሞከርኩትን ነው። የእናንተን መጠን የሚወስነው የእናንተ ሐኪም ነው።

መጀመሪያ፦ ኪኒኑ የማይሠራውን ሥራ ዕወቁ

ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን (ብዙዎቻችን «ዴክሳ» የምንለው) እና ሃይድሮኮርቲሶን ሁሉም ስቴሮይድ ናቸው። ሥራቸው ብግነትን ማብረድ ነው። እብጠቱን፣ ግለቱን፣ ሕመሙን ያጠፋሉ። ዩሪክ አሲድን ግን አያወርዱም። የሚያለቅስ ልጅ አፉን መያዝ እንጂ እግሩ ላይ የተሰካውን እሾህ መንቀል አይደለም።

ዩሪክ አሲድ የሚመጣው ፒዩሪን የሚባል ነገር ሰውነታችን ውስጥ ሲፈራርስ ነው። ፒዩሪን በምንበላው ሥጋ ውስጥ አለ፤ ትልቁ ድርሻ ግን የሚመጣው ከራሳችን ሴሎች ነው። ከሚወጣው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን የሚያስወግደው ኩላሊት ነው፤ ቀሪው በአንጀት ይወጣል። ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ አሲዱ መሟሟቱን ያቆምና እንደ ጨው ቅንጣት መገጣጠሚያ ውስጥ መቀመጥ ይጀምራል። አንድ ሌሊት ሰውነት ያንን ቅንጣት ሲያጠቃ ነው አውራ ጣት የሚነደው።

እኛ ከተማ ውስጥ «ዩሪክ አሲድ አለብኝ» የማይል ጎልማሳ አይጠፋም። ዩሪክ አሲድ የሌለው ሰው ግን የለም። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ደግሞም ቁጥሩ ከፍ ብሎ መገጣጠሚያውን አንድም ቀን የማያመው ሰው ሞልቷል። ጉልበት ባመመ ቁጥር ሪህ ነው ማለት አይቻልም።

አመጋገብ ብቻውን ቁጥሩን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ በአንድ ገደማ ነው። ከ9 ወደ 8 ማለት ነው። ሐኪሞች የሚፈልጉት ደግሞ መድኃኒት ለሚወስድ የሪህ ታማሚ ከ6 በታች ነው። ታዲያ ስለ ምግብ ምን አስጨነቀኝ? ስቴሮይድ ላይ ላለ ሰው ምግብ ከዩሪክ አሲድ በላይ ሌላ ሥራ ስላለው ነው። ኪኒኑ ስኳርን ይጨምራል፣ ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊትን ያወጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ምግብ ያስርባል። በርሃቡ ምክንያት ስትወፍሩ ኩላሊት ዩሪክ አሲድ የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል። እኔ ያን ሰሞን ሥጋ ትቼ ነበር፤ በኩራት። ዳቦውን፣ ጨውንና ለስላሳውን ግን ማን ያየዋል?

ሁለተኛ፦ አንድ ወረቀት አዘጋጁ

የኪስ ወረቀት ይበቃል። የመድኃኒቱን ስም፣ የኪኒኑን መጠን፣ በቀን ስንት፣ የተጀመረበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉ። ፕሬድኒሶሎን በአብዛኛው ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ነው፤ 30 ሚሊግራም ሲባል ስድስት ፍሬ መሆኑ ነው። ለሪህ ግርሻ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ30 እስከ 35 ሚሊግራም ለአምስት ቀን ገደማ ነው። ለአስም፣ ለሉፐስ፣ ለሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ ወይም ለኩላሊት የታዘዘለት ሰው ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የአምስት ቀኑ ሰው ጨውና ስኳሩን ለጥቂት ቀን ቢጠብቅ ይበቃዋል። የወራቱ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከተዋል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ በፍጹም በራሱ አያቋርጥም። ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ስቴሮይድ ያመርታል። ከውጭ ሲገባለት ማምረቱን ይተዋል። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር አቅም ማጣት፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትንም ያሰጋል። መቀነስ ያለበት በሐኪም ዕቅድ፣ ቀስ በቀስ ነው። ስትቀንሱ ሪሁ መልሶ ሊነሣ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

በዚያው ወረቀት ላይ ሌሎች የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ጻፉ። የግፊት መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ላዚክስም እንዲሁ። በየቀኑ የሚዋጠው ትንሿ አስፕሪን፣ ከቲቢ መድኃኒቶች ደግሞ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይጨምራሉ። አንዳቸውንም በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪሙ ግን ይወቅ፤ አንዳንዱን መቀየር ይቻላል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለብቻቸው ይጠቀሱ። ከስቴሮይድ ጋር ሲደረቡ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ። «አንድ መርፌ ልወጋና ይለቀኝ» የሚባለው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፌናክ ነው። ከመወጋታችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩ።

ሦስተኛ፦ ምርመራው በየትኛው ሰዓት?

ከመጀመራችሁ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት) እና ዩሪክ አሲድ ተለኩ። ከጥቁር አንበሳ አካባቢ እስከ ስታዲየም ላብራቶሪ ሞልቷል፤ ማግኘቱ አይቸግርም። የሚቸግረው ሰዓቱን ማወቅ ነው።

ዩሪክ አሲድ በግርሻው መሐል ሲለካ ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ጣቱ ነዶ ቁጥሩ 5.8 ሲመጣ «ሪህ አይደለም» ብሎ መደምደም አይሆንም። ሕመሙ ካለፈ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይታችሁ ድገሙት።

ስኳር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁላችንም የለመድነው ጠዋት በባዶ ሆድ መለካት ነው። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ግን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። እኔ በባዶ ሆድ 104 ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሐኪሜ «ምሳ በልተህ ሁለት ሰዓት ቆይተህ ተለካ» አለኝ። 240 መጣ። ስለዚህ ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው ከምሳ በኋላ ያለውን ቁጥር ይፈልግ። ስኳር በሽታ ያለበትማ ገና ከመጀመሩ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ የስኳር መድኃኒቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቲቢ እንደነበረበት፣ ሆዱ ውስጥም ትል እንዳለ መጠየቅና መመርመር ይጠቅመዋል። ስቴሮይድ የተኛን ነገር ይቀሰቅሳል።

አራተኛ፦ የኪኒኑ ሰዓትና ጾም

በቀን አንዴ ከሆነ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ተበልቶ ይዋጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ሆድን እንዳያቃጥል። ሁለተኛ እንቅልፍ እንዳይከለክል። ማታ የዋጠ ሰው ሌሊቱን ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል። እኔ አንድ ሌሊት የጓዳውን መደርደሪያ በሙሉ አጥቤ አድሬአለሁ። ባለቤቴ ጠዋት ተነሥታ «ምን ነካህ?» አለችኝ።

ጾም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም አለ። ችግሩ የጾም ምግቡ አይደለም፤ እንዲያውም ምስርና ጎመን ለሪህ ሰው ይስማሙታል። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየቱ ነው። ሰውነት ሲደርቅ፣ ረሃብም ሲረዝም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ይይዛል። ኪኒኑም ባዶ ሆድ ላይ ያርፋል። ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የታመመ ሰው ጠዋት በልቶ የጾም ምግቡን እንዲጠብቅ ሲፈቀድለት በቤታችንም በጎረቤትም አይቻለሁ። በረመዳንም ቢሆን ለታመመ ሰው ቀኑን ወደ ሌላ ጊዜ የማሳለፍ ፈቃድ አለ። ሐኪማችሁ ሳያውቅ ግን ኪኒኑን ወደ ማታ አታዙሩ።

ሌላው ወጥመድ ፋሲካ ነው። ለሁለት ወር ሥጋ ያላየ ሰውነት ሌሊቱን ዶሮ፣ ጠዋት ዱለት፣ ቀን ቁርጥ፣ በላዩ ጠላና ቢራ ይወርድበታል። የእኔ ጣት ቀኑን ሳይስት የተነሣው ለዚህ ነው። በፋሲካ ዕለት አንድ ቁራጭ ዶሮና እንቁላሏን ብሉ። ዱለቱን እለፉት። የበጉንም ሥጋ ለሳምንቱ አካፍሉት።

አምስተኛ፦ ጨው፣ ማለትም የሽሮው ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ለጥ ብሎ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ለቀኑ ሙሉ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሽሮ ስትሠራ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሽሮ ዱቄቱ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ድስቱ ላይ ደግሞ እሷ በእጇ ቆንጥራ ጨመረች። ቀመሰች። እንደገና ጨመረች። እኔ ገበታ ላይ ሚጥሚጣ ስነሰንስ (እሱም ጨው አለበት) ጨው የገባው አምስት ጊዜ ሆነ። «ጨው አልወድም» የምል ሰው ነበርኩ!

መፍትሔው ሽሮን መተው አይደለም። እንዲህ አደረግን። በሚቀጥለው ጊዜ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሽሮውንና በርበሬውን ያለ ጨው አስፈጨች። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልታ፣ ዘይቱን በኋላ በጥቂቱ ጨመረች። ነጭ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረገችው። ወጡ ከወጣ በኋላ መከለሻ ነስንሳ፣ ሳህን ላይ ጥቂት ሎሚ ጨመቅንበት። ጨውን የምትጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ቆንጥራ፣ አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት «የሆስፒታል ምግብ» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ውጭ ስበላ ጨው በዛብኝ። ምላስ ይለምዳል።

የሱቅ ሽሮና በርበሬ ስትገዙ ጨው እንዳለበት ጠይቁ። የሾርባ ኩብ፣ ቺፕስና ጨው ያለበት ለውዝ በኪኒኑ ወራት ቢቀሩ አይጎዳችሁም። ቁርጭምጭሚታችሁ ማታ ማታ ካበጠ፣ ካልሲው ቦይ ከሠራበት፣ ጨዋችሁን ዳግም ፈትሹ፤ ለሐኪሙም ንገሩ።

ሽሮ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። «ሪህ ያለበት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ አይበላም» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ጥራጥሬ መጠነኛ ፒዩሪን አለው። ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሪህን ያያያዙት ከሥጋና ከባሕር ምግብ ጋር ነው። ከአትክልትና ከጥራጥሬ ፒዩሪን ጋር አልተገናኘም። ሥጋም ሽሮም ተከልክሎ ዳቦ በሻይ ብቻ የሚኖር ሰው አውቃለሁ። ስኳሩ ሲወጣ ይገርመዋል።

ስድስተኛ፦ እንጀራ፣ ማኪያቶና ያ ውሸታም ረሃብ

ፕሬድኒሶሎን የሚያመጣው ረሃብ ሌላ ነው። በልታችሁ ተነሥታችሁ በግማሽ ሰዓት እንደገና ሆድ ባዶ ይሆናል። ጥጋባችሁን አትመኑት፤ በዓይን መጥኑ። ሦስት እንጀራ የምትበሉ ከሆነ ወደ አንድ ተኩል ውረዱ። ሳህኑን በጎመን፣ በፎሶሊያ፣ በጥቅል ጎመን፣ በሰላጣ ሙሉት። እንጀራው ለመጠቅለያ እንጂ ለሆድ መሙያ አይሁን። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ግን ስታርች ነው፣ ስኳር ይሆናል።

ለመካከለኛው ረሃብ የሽምብራ ንፍሮ፣ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ያለ ጨው፣ ወይም አንድ ብርቱካን ይዛችሁ ውጡ። ባዶ እጃችሁን ከወጣችሁ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ያለው ኬክ ቤት ሁሉ ይጠራችኋል።

ለስላሳን በግልጽ ልናገር፦ ተዉት። አንድ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ስድስትና ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የስኳሩ ግማሽ ያህል ፍሩክቶስ ነው። ፍሩክቶስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ሲፈራርስ ራሱ ዩሪክ አሲድ ይሠራል። ከስኳሮች ሁሉ ይህ ጠባይ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይገፋል። ማርና ብርዝም ከዚህ አያመልጡም።

ጁስ ቤት ስትገቡ «ስኳር እንዳይገባበት» በሉ። ስፕሪስ ያለ ስኳርም ቢሆን የሦስትና የአራት ፍሬ ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ ነው። ፍሬውን ራሱን ብትበሉ ይሻላል። ማኪያቶ ላይ ስኳሩን አንድ ማንኪያ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ ወደ ግማሽ። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ ሪህ አነስ ብሎ ታይቷል፤ ስለዚህ በቡና አትሰቃዩ። ግን ኪኒኑ ራሱ እንቅልፍ ይነሣል። አቦሉንም ቶናውንም ከምሳ በፊት ጨርሱ።

ምሳ ውጭ የምትበሉ ከሆነ በየዓይነቱ ከፍርፍር ይሻላል። ፍርፍር እንጀራ በእንጀራ ነው፤ ዘይቱና ጨዉ ደግሞ ከላይ።

ሰባተኛ፦ ሥጋው

ሥጋን ጨርሶ መተው ግዴታ አይደለም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ የመዳፍ ያህል በቂ ነው። የሚተወው ሌላ ነው።

የሆድ ዕቃ ይቀራል፦ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ ምላስ ሰንበር። ፒዩሪኑ የሚከማቸው እዚያ ነው። ሰርዲንም እንዲሁ፤ ዓሣ ለሚበላ ሰው ጥቂት ቆሮሶ ይሻለዋል።

መረቅ ይቀራል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሥጋ ሲቀቀል ፒዩሪኑ ወደ ውኃው ይወጣል። የታመመ ሰው ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ደግሞ ይዘው የሚመጡት መረቅ ነው፤ «ጉልበት ይሆንሃል» እያሉ። አመስግኑና ሥጋውን ከውስጡ አውጥታችሁ ብሉ። መረቁን ቤተሰብ ይጠጣው።

ጥሬ ሥጋ ይቀራል። ይህኛው ከዩሪክ አሲድ ይልቅ የኪኒኑ ጉዳይ ነው። ስቴሮይድ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ለብለብ ከኮሶ ሌላ ሌላ በሽታም ያመጣሉ። ቄራ ሰፈር ሥጋ ቤት ከጓደኞች ጋር ተቀምጦ ጥብስ በደንብ የበሰለ ማዘዝ ያሳቅቃል። እኔን «ፈረንጅ ሆንክ?» ብለውኛል። ይበሉ።

ቢራ ይቀራል፣ ድራፍትም። ከአልኮል ሁሉ ዩሪክ አሲድን ከፍ በማድረግ ቢራ ይብሳል። ጠላና ጠጅም አይሻሉም። አረቄ ከቢራ ቢሻልም ጨጓራና ስቴሮይድ ባሉበት አይመከርም። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ ይዛችሁ ብታመሹ ማንም አይቆጥርባችሁም።

ስምንተኛ፦ ወተትና አሬራ

ቅባቱ የወጣለት ወተት ከዩሪክ አሲድ መቀነስ ጋር የተያያዘ ምግብ ነው። ለአጥንትም ካልሲየም ይሰጣል፤ ስቴሮይድ አጥንት ስለሚበላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጎረቤት ወተት የምትቀበሉ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ስልባቦቱን በማንኪያ አንሡት። ጥሬ ወተትና ያልፈላ እርጎ በኪኒኑ ወራት አይነኩ።

ቅቤው የወጣለት አሬራ አያቶቻችን ያለ ፋብሪካ የሠሩት ቅባት አልባ ወተት ነው። ጥሬ ከሆነ ግን በደንብ አፍሉት። ሲፈላ ይረጋል፤ ያው አይብ ሆነ ማለት ነው። ያን አይብ ያለ ጨው ከጎመን ጋር አድርጉት፤ ጎመኑም ካልሲየም አለው። ከሦስት ወር በላይ የምትወስዱ ከሆነ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ኪኒን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ዘጠነኛ፦ ውኃና እግር

ኩላሊትና ልቡ ደህና የሆነ ሰው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ይጠጣ። እኔ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት ግማሹ መጉደል አለበት፣ ከሥራ ስወጣ ማለቅ አለበት። ሽንታችሁ ገርጣ ያለ ይሁን። የልብ ድካም ወይም የከፋ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ልኩን ከሐኪሙ ይቀበል፤ ለእሱ ብዙ ውኃ ጉዳት ነው። ሙዝና አቮካዶንም እንደዚሁ። ስቴሮይድ ፖታሲየም ስለሚያስወጣ ለአብዛኛው ሰው ይጠቅማሉ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ይከብዳሉ።

መራመድ ስኳሩንም አጥንቱንም ይረዳል። ጣቱ በተቃጠለበት ሳምንት ግን ዕረፉ። ሲለቃችሁ ሜዳ ሜዳውን ጀምሩ፤ ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ብዙ ዳገት የለውም። ከፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ በቸርችል መውጣቱን ለኋላ አቆዩት። እኔ ቸኩዬ ወጥቼ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጫለሁ።

አሎፑሪኖል ላይ ላላችሁ

ዩሪክ አሲድን በእርግጥ የሚያወርደው ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀመርና ቁጥሩ ከ6 በታች እስኪገባ ቀስ እያለ ይጨመራል። እየወሰዳችሁት ሪህ ቢነሣ አታቁሙት፤ ስቴሮይዱ ለሕመሙ፣ እሱ ለአሲዱ፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግርሻ ሊበዛ ይችላል፤ የተቀመጠው ቅንጣት መሟሟት ሲጀምር የሚሆን ነው። ቆዳችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ያኑ ቀን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በየመንደሩ በጠርሙስ የሚሸጥ «የሪህ መድኃኒት» ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። በአንድ ቀን የሚያድን ነገር ስታገኙ ስቴሮይድ ተፈጭቶ እንዳልገባበት በምን ታውቃላችሁ?

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ። ትኩሳት መጥቶ አንድ መገጣጠሚያ ካበጠና ከጋለ (ሪህ ላይሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽን መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው፣ ስቴሮይድም ምልክቱን ይሸፍነዋል)። ውኃ ጥማቱና ሽንቱ ከበዛ፣ ዓይን ከደበዘዘ። ትንፋሽ ካጠረ። ኪኒኑን ማስመለስ ከጀመራችሁና ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አደጋ ቢደርስበት ወይም ቀዶ ሕክምና ቢገባ ስቴሮይድ ላይ መሆኑን መናገር አለበት። ወረቀቷ ከመታወቂያው ጋር ኪስ ውስጥ ትቀመጥ።

የእኔ ቅነሳ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የመጨረሻዋን ግማሽ ፍሬ ከዋጥኩ በኋላ አንድ ወር ቆይቼ ተለካሁ። ዩሪክ አሲዴ 5.6፣ ከምሳ በኋላ ስኳሬ 138። ፊቴም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያ ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት እንደገና አገኘኝ፤ ለገሃር ጋ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከስተሃል። ደህና ነህ ግን?»